የመስቀሉ ማንጎ

ማርች 26፣ ሰኞ። ሙቀት፤ ደመና የሚባል የለም፤ ከወዲያ ማዶ ገለባ እየተቃጠለ ነው። የነበሩት፦ አበልጄ ቾን፣ ዶን ኤላዲዮ ከሁለቱ በሬዎቹ ጋር፣ ከዋና ከተማ የመጣ ጠበቃ፣ እኔ።

ጠበቃው ባራኦና ይባላል። ወፍራም፣ ላቡ የማይቆም፣ ትሑት ሰው ነው። አይብ እየጨመቅሁ ሳለ ገባና ከእርጥቡ ጨርቅ አጠገብ አንድ ፎቶግራፍ አስቀመጠ። «ይህችን ሴትዮ የሚያውቃት አለ?» አለ።

ቾን ፎቶውን እስከ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «እንዴት አላውቃት! ሴናይዳ ናት። የዛሬ ስምንት ዓመቷ ሴናይዳ። አሁን ፊትህ የቆመችው ትራፊዋ ናት፣ ልጄ።»

እኔው ነኝ። በግቢዬ፣ በመስቀሉ ፊት ቆሜ፣ ለዚያ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ለቀላው የኩባንያው መሐንዲስ ማንጎ ስሰጥ። ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ሳፍር እስቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ ነው።

ሜይ ሦስት፣ የመስቀላችን በዓል ነበር። የዚያን ቀን ግቢ የገባ ሰው ተንበርክኮ ከመስቀሉ ሥር ፍሬ ያነሣል፤ ማንም ይሁን ማን አይከለከልም። መሐንዲሱ መንበርከኩን አላወቀበትም። ቆሞ ሲያየኝ ጊዜ ለሕፃን እንደሚሰጥ ማንጎ አንሥቼ በእጁ ሰጠሁት። ከኋላው ካሜራ የያዘ ሰው ነበር።

ባራኦና ጉዳዩን ሲያስረዳ ላቡን በመሐረቡ እየጠረገ ነው። መንግሥት ኮረብታውን እንዳይቆፍር ስለከለከለው፣ ኩባንያው አገራችንን ባሕር ማዶ ባለ ችሎት ከሷታል። ላወጣው የነበረው ወርቅ ዋጋ ይከፈለኝ ነው የሚለው። የመንደሩ ሰው በደስታ ተቀብሎኝ ነበር ይላል፤ ማስረጃውም እኔ ነኝ። እኔና ማንጎዬ።

ዶን ኤላዲዮ ከበሬዎቹ ጎን ሆኖ ይሰማ ነበር። «ያላወጣሁትን ወርቅ ክፈሉኝ ማለት፣ ልጅቷን የከለከሉት ጎረምሳ ያልወለዳቸውን ልጆች ካሳ እንደ መጠየቅ አይደለም?» አለ።

ባራኦና ሳቀና ወዲያው ሳቁን ተወው። «ካሸነፉ ግን አገሪቱ የምትከፍለው የላትም። ያን ጊዜ፣ በሉ እንታረቅ፣ ኮረብታውን ቆፍሩ ከማለት በቀር ምን ይቀራል?» ኮረብታው የወንዛችን እናት ነው። ለሙከራ ብቻ የቦረቦሩ ጊዜ የቾን ምንጭ ደረቀ። ይኸው እስከ ዛሬ ዶን ኤላዲዮ ነው በጋሪ ውሃ የሚያመላልስላት። ለእኔም ያመጣል፤ የእኔ ምንጭ ባይደርቅም።

ባራኦና የሚፈልገው ምስክርነቴን ነው። በካሜራ ፊት ተቀምጬ የኩባንያው ጠበቃ ከባሕር ማዶ ለሚጠይቀኝ መመለስ አለብኝ። ሜይ ሦስት ቀን። እነዚያ ቀኑን ሲቆርጡ ምን ቀን እንደሆነ የት ያውቁታል።

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። ሳቅሁ መሰለኝ። ጠበቃው እሺ ያልኩ መስሎት አመስግኖኝ ሄደ።

ማርች 29፣ ሐሙስ። ያው ሙቀት። ቾን ብቻ።

ቾን ለመንደሩ ሁሉ ተናግራለች። ወፍጮ ቤት «የኩባንያው ሙሽራ መጣች!» አሉኝ። ሳቅሁ። በቆሎዬን አስፈጭቼ ተመለስኩ። የዶሮ ቤቱ በር ተሰብሯል፤ ነገ።

ኤፕሪል 3፣ ማክሰኞ። ነፋስ፤ አቧራ እስከ ጥርስ። ማንም አልነበረም።

ሳሙናው የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ስለ ክሱ አገኘሁ። «…ሦስቱ ዳኞች የአገሪቱን መከራከሪያ ከሰሙ በኋላ ወዲያውኑ…» ይልና ተቀድዷል። ወዲያውኑ ምን? እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው። ሱቁ ተመልሼ ሄጄ ሌላውን ግማሽ ማን እንደወሰደው ጠየቅሁ። ሻማ ተጠቅልሎበት ለቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ተሰጥቷል። ጠባቂው ጋ ሄድኩ። ጠባቂው የሻማውን ወረቀት ለሚስቱ ሰጥቷል፤ ሚስቱ ለዶሮ መታቀፊያ አንጥፋዋለች። ዶሮዋን አስነሥተን አየነው። «…ለምሳ ተነሥተዋል» ይላል።

ማንበብ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ከመጠቅለያ። ስለዚህ የብዙ ነገር መጀመሪያ አውቃለሁ፤ የጥቂት ነገር መጨረሻ።

ኤፕሪል 6፣ ስቅለት። ጸጥታ። ዶን ኤላዲዮ።

ዛሬ ሥራ አይሠራም፤ እሱ ግን ውሃ ማምጣት ኃጢአት አይደለም ብሎ መጣ። ደረቅ ዓሣ በእንቁላል ሠርቼ ስለነበር በላ። ይጣፍጣል አለ። ቆይቶ ደግሞ ይጣፍጣል አለ። ይህን መጻፍ አያስፈልግም ነበር።

ኤፕሪል 11፣ ረቡዕ። ሙቀት፤ ከሰዓት በኋላ ከሩቅ ነጎድጓድ፤ ጠብታ ግን የለም። ወፍጮ ቤት ብዙ ሰው።

ተራዬን ስጠብቅ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ «አገር በሙሉ በሴናይዳ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል» አለች። ሁለተኛዋ «የትኛው አፍ? አይቼው አላውቅም» አለች። ከዚያ ሳቁ። የመጀመሪያዋ «ደግ ሴት ናት፤ ግን በዝምታዋ ታስበላናለች» አለች።

አልከፋኝም። እውነታቸውን ነው። ድሮም ዕቃ ስገዛ በጣቴ ነው የማሳየው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለት ሰው የሚያወራውን ብቻውን ያወራ ስለነበር እኔ የሚቀረኝ አልነበረም። አልከፋኝም። ሊጡን ግን ወፍጮ ቤት ረስቼው መጣሁ፤ ተመልሼ መሄድ ስላልፈለግሁ ዛሬ ትናንት የተረፈውን በላሁ።

አልከፋኝም።

ኤፕሪል 15፣ እሑድ። ከባድ ሙቀት። ቾን፣ ዶን ኤላዲዮ፣ ዶሮዎቹ።

ዛሬ ችሎት ተቀመጠ። በግቢዬ።

ቾን የኩባንያው ጠበቃ ናት። የባለቤቴን አሮጌ ኮት ለብሳ፣ በከሰል ጢም ሥላ መጣች። ካሜራው መጥረጊያ ላይ የተሰካ የድስት ክዳን ነው። ዶን ኤላዲዮ ዳኛ ሆኖ በርሜሉ ላይ ተቀመጠና ወዲያው ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ቾን።

«ዳኛ ነኝ። እየሰማሁ ነው።»

ቾን ወደ እኔ ዞረች። «ወይዘሮ ሴናይዳ! ለደንበኛዬ ማንጎ ሰጥተሻል ወይስ አልሰጠሽም?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ምን?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ጮክ በይ፣ አንቺ ሴት! ዶሮዎችሽ እንኳ አልሰሙም! እየሳቅሽ ሰጥተሻል አይደል? ጥርስሽን እዩት፣ ክቡር ዳኛ! ሰው በማይወደው ፊት እንዲህ ይስቃል?»

የምመልሰው አላጣሁም። በልቤ ውስጥ ተሰልፎ ቆሟል። ከአፌ ሲደርስ ግን በሩ ጠባብ ሆነበት። ሳቅሁ።

«ይኸው ደግማ ሳቀች! ፈርጃችሁ ጨርሱ!» አለች ቾን። ዳኛው ዓይኑን ገልጦ፣ «ፍርድ ቤቱ ፎቶውን መርምሯል። ፎቶው ላይ ቆንጆ ናት። ችሎቱ ተነሥቷል» አለ።

ቾን ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ ተመለከተች። ጢሟን በኮቱ እጅጌ ጠረገች። ምንም አላለችም። ቾን ምንም ያላለችበትን ቀን አላስታውስም፤ ሙቀቱ ይሆናል።

ኤፕሪል 19፣ ሐሙስ። ደመና መጣ፣ ሄደ።

ጥድፊያ። አይብ ለከተማ ገበያ። አንዲት ዶሮ ጠፍታለች። ባራኦና ደወለ፤ ስልኩ የቾን ነው፣ ቾን ናት ያወራችው። «ተዘጋጅታለች፣ እንደ ራዲዮ ናት» አለችው። አምላኬ። ዶሮዋ ተገኘች።

ኤፕሪል 24፣ ማክሰኞ። ጠዋት ቀዝቀዝ፣ ከዚያ ያው። ዶን ኤላዲዮ ከማዶ፣ እኔ ከወዲህ።

የዶን ኤላዲዮ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በየጠዋቱ ከደጁ ሆኖ «ሴናይዳ! እንዴት አደርሽ!» ብሎ ይጮኻል፤ እኔ እጄን አነሣለሁ። እንዲህ ነው የምንኖረው። ዛሬ ግን ከዳር ድረስ ወረደ።

«እስቲ ስምሽን ከዚያ ሆነሽ ንገሪኝ!» አለ። «ውሃውን ተሻግሮ እኔ ጋ ከደረሰ ባሕሩንም ይሻገራል!»

እጄን አነሣሁ።

«እጅ አልሰማም! ስም!»

ወንዙ በዚህ ወር ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ግን ድንጋዮቹ መካከል ሲሮጥ ድምፅ አለው። ድምፄን በላዩ ላይ መጣል ብልግና መሰለኝ።   ቆይቶ ጫማውን አውልቆ ተሻገረና አጠገቤ መጣ።

«ግድ የለም» አለ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። «ቤቴ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው፣ ሴናይዳ። ይህን ለረጅም ጊዜ ልነግርሽ አስቤ ነበር።»

ቦሎቄው እያረረብኝ ነው ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ቦሎቄ አልጣድኩም ነበር።

ኤፕሪል 25፣ ረቡዕ። እሱ ዛሬም ጠዋት ጮኸ። እጄን አነሣሁ። ትንሽ ከወትሮው ከፍ አድርጌ።

ኤፕሪል 28፣ ቅዳሜ። ወበቅ። ባራኦና፣ ቾን። እኔ እንደሌለሁ ይቆጠር።

የባራኦናን መኪና አቧራ ከሩቅ ሳይ ዶሮ ቤት ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አላውቅም። እግሬ ነው የገባው። ከውስጥ ሁሉም ይሰማል።

«ወይዘሮ ሴናይዳ የሉም?» ይላል።

«ቀብር ሄዳለች» ትላለች ቾን።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ሞቶ?»

«እስካሁን አልታወቀም።»

 ባራኦና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ ቾን፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እሷ ካልመጣች ያ ፎቶ ያለ መልስ ይቀራል። ዳኞቹ እዚህ መጥተው አያውቁም፤ የሚያዩት ያንን ጥርስ ብቻ ነው» አለ። ሲናገር የተቆጣ አይመስልም። የደከመው ነው የሚመስለው። በጥላው ሥር የእኔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ውሃ ጠየቀ። ቾን ለራሷ የመጣላትን እንስራ አንሥታ ስትቀዳለት፣ «ይህ ከወንዝ በጋሪ የመጣ ነው፣ አትናቀው። በሬና ጋሪ ሳልጠብቅ በእግሬ ሄጄ ስቀዳው የኖርኩት የራሴ ምንጭ ነበረኝ» አለችው። ጠጣና ደግሞ ጠየቀ።

ሲሄድ ወጣሁ። ጸጉሬ ላይ ላባ ነበር። ቾን ላባውን አንሥታ ጣለችውና፣ «ለእኔ ስትይ እንኳ አትሄጂም?» አለች። ስትቀልድ አልነበረም።

ዶሮዎቹ ዛሬ እንቁላል አልጣሉም። በእኔ የተነሣ ነው።

ኤፕሪል 30፣ ሰኞ። ደመና፣ ነፋስ፣ ምንም። ባራኦና፣ ቾን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ፣ እኔ። በዚህኛው ተገኝቻለሁ።

ማዘጋጃ ቤት ሄደን ክፍሉን አየን። ጠረጴዛ፣ የቴሌቪዥን መስታወት፣ ካሜራ። ከኋላዬ ወደ ኮሪደሩ የሚወስድ በር አለ። የኩባንያው ወገን ማንም መልስ እንዳይጠቁመኝ የሚጠብቅ ሰው ከዋና ከተማ ይልካል፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል።

ባራኦና ጣቱን ቀሰረ። «አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መስቀል የለም። ፍሬ የለም። ባለ ቀለም ወረቀት የለም። ሰው ፍሬ ሲቀባበል በካሜራ ከታየ እንደገና ፎቶ ያነሡናል፤ እንግዲህ አለቀልን።»

«ሜይ ሦስት ቀን መስቀል የለም?» አለች ቾን። «መስቀል በሌለበት ደጅ ሰይጣን እንደሚጨፍር አታውቅም፣ ልጄ?»

«ከውጭ ይጨፍር።»

«የኩባንያው ሰው በሚገባበት ቤት ከውጭ ይቀራል?»

ባራኦና ለመስቀሉ ሳይሆን ለራሱ አማተበ። ቾን «እሺ፣ እሺ» አለች። የጽዳት ሠራተኛዋን ስታያት ግን እኔ አየኋት።

ሜይ 2፣ ረቡዕ። ማታ። ጨረቃ የለም፤ ነጎድጓድ ቀርቧል። ብቻዬን።

የግቢዬን መስቀል ተከልኩ። የሂዮቴውን እንጨት ዶን ኤላዲዮ ነው የቆረጠልኝ፤ ቅርፊቱ እንደ ሁልጊዜው እየተላጠ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመቱ መስቀል፣ ያ ፎቶው ላይ ያለው፣ አጥሩ ሥር ዛፍ ሆኗል። ሂዮቴ እንዲህ ነው፤ ቆርጠህ ብትተክለው ዝናብ ሲያገኘው ሥር ይሰዳል። ከሥሩ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ የቾን ቀያይ የሆኮቴ ፍሬዎች አኖርኩ። ወረቀቶቹን ሰንሰለት አድርጌ ቆረጥኩ።

ነገ። ስሜን አሁን ብቻዬን ጮክ ብዬ ልል ሞከርኩ። ውሻው ተነሥቶ በሩን አየ፤ እንግዳ የመጣ መስሎት ነው።

ለመሐንዲሱ ማንጎውን ባልሰጠው ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት። ግን እንዴት አልሰጠው? ደጄ ነበር፤ ቀኑ ያ ቀን ነበር። አሁንም ቢመጣ እሰጠዋለሁ። ይህን ነገ ብናገር ጠፋን ማለት ነው?

ዶን ኤላዲዮ ሲመሽ ከማዶ «አይዞሽ!» አለ። እጄን አነሣሁ፤ በጨለማ እንደማያየኝ ኋላ ነው ያሰብኩት።

ሜይ 3፣ ሐሙስ። የመስቀሉ ቀን። ጠዋት ወበቅ፤ ከሰዓት ወዲህ ጥቁር ደመና። የነበሩት፦ መንደሩ ሁሉ።

ዛሬውኑ ልጻፈው፣ ሌላው ሰው ሳያዛባው።

ማዘጋጃ ቤት ስንደርስ መስቀሉ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል፤ በሩ ፊት ለፊት። እንደ እኔ ቁመት፣ በወረቀት አበባ የተሸፈነ፣ ሥሩ እስከ ግድግዳው ፍሬ። ባራኦና ሲያየው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ቾን «እኔ አይደለሁም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ነው» አለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ተግታ ትጠርግ ነበር። «በሩን ዝጉት» አለ ባራኦና። ዘጋን።

የኩባንያው ጠባቂ ሂሜና የምትባል ወጣት ጠበቃ ናት። ቀጭን፣ ሥርዓት ያላት፣ ጫማዋ አቧራችንን የማያውቅ። «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አለችኝ። ቁርስ ሳትበላ ከዋና ከተማ በሌሊት እንደተነሣች ከፊቷ ይታያል። ቾን እንኳ «ምስኪን» አለች።

መስታወቱ በራ። ሦስት ዳኞች፤ መካከለኛው ሽማግሌ፣ ነጭ ጸጉር። አልተኛም። የኩባንያው ጠበቃ ረጅም ሰው ነው፤ ሲናገር አንዲት የማትታይ ሴት በእኛ ቋንቋ ትደግመዋለች፤ ስለዚህ ሰውየው የሴት ድምፅ ያለው ይመስላል። ይህ ትንሽ ረዳኝ።

ስሜን ጠየቀኝ። አልኩ። «እባክዎ ጮክ ይበሉ» አለ። አልኩ። «አልተሰማም» አለ። ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶች ትዝ አሉኝ። ፎቶውን አሳየኝ፤ መስታወቱን ሞልቶ የእኔ ጥርስ።

«እርስዎ ነዎት?» «አዎ።» «ፍሬ እየሰጡ ነው?» «አዎ።» «ያስገደደዎት ሰው ነበር?» «የለም።» «እየሳቁ ነው?» «አዎ።» እያንዳንዱን አዎ ስል ከኮረብታው አንድ አካፋ አፈር ሲነሣ ተሰማኝ። ባራኦና መሐረቡን ጨምቆ ይዞታል።

በዚህ መካከል መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፤ መስታወቱ ጠፋ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ሲሆን በሩን ከፈቱት። ሁላችንም ወጥተን ኮሪደሩ ውስጥ አየር ሳብን። ሂሜና መስቀሉን አየች። ስልኳን በአንድ እጅ ይዛ፣ ሳታስበው፣ ሰው ጸጉሩን እንደሚያስተካክል፣ ተንበርክካ አማተበችና ከሥሩ አንድ ሆኮቴ አነሣች። ከዚያ ሁለተኛ። ቾን ማንጎ ጨመረችላት፤ ተቀበለች። ማን ይከለክላታል? ቀኑ ነው።

መብራቱ መጣ። ገብቼ ተቀመጥኩ። በሩን መዝጋት ማንም አላስታወሰም።

መስታወቱ ሲበራ ሽማግሌው ዳኛ ዓይኑን አጥብቦ ከትከሻዬ በላይ አየ። «ከምስክሯ በስተኋላ ያለችው ማናት?» አለ። ዞርኩ። ሂሜና ነበረች፤ በመስቀሉ ፊት፣ ጉንጯ በሆኮቴ ተሞልቶ፣ በእጇ ማንጎ ይዛ። መልስ መስጠት አልቻለችም፤ ፍሬው ገና አፏ ውስጥ ነው።

ረጅሙ ጠበቃ በፍጥነት ወደ ፎቶው ተመለሰ። «ወይዘሮ፣ በገዛ ፈቃድዎና እየሳቁ ለደንበኛዬ ፍሬ መስጠትዎ ኩባንያውን በደስታ መቀበልዎ ነው። ትክክል?»

ያን ጊዜ የት እንደነበረ የማላውቀው ድምፅ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ያቺን እርስዎ የላኳትን ልጅ ይጠይቋት» አልኩ። «አሁን ከእኛ መስቀል ፍሬ ወስዳለች። አበልጄ ማንጎ ሰጥታታለች፤ ሁላችንም አይተናል። ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ወገን ናት ማለት ነው?»

የማትታየው ሴት እስክትደግመው ድረስ ጸጥ አለ። ከዚያ ሳቁ ዘግይቶ ከባሕር ማዶ መጣ፤ መጀመሪያ ግራው ዳኛ፣ ቀጥሎ ሽማግሌው። ቾን ከኮሪደሩ «እንኳን ደህና መጣሽልን!» ብላ ጮኸች። ሂሜና አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀች ነው።

ረጅሙ ጠበቃ አልሳቀም። «ይህ ሌላ ነገር ነው። ባልደረባዬ የአገሯን ልማድ ነው የፈጸመችው» አለ።

«እኔም» አልኩት።

ባራኦና መሐረቡን ጣለው። ሽማግሌው ዳኛ ብዙ ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ራሱ ጠየቀኝ፤ መስቀሉ ለምንድን ነው አለ። ነገርኩት። ለዝናቡ ነው፤ ውሃ ሲመጣ ሰው ፍሬ ያያል፤ ስለዚህ ቀድመን እናመሰግናለን፣ ለመጣውም ሁሉ እናካፍላለን። አንድ ፍሬ። ዛፉን አይደለም፣ ሥሩን አይደለም፣ ዛፉ የሚጠጣውን አይደለም። መሐንዲሱ ኮረብታውን ልቆፍር ብሎ ጠይቆኝ ቢሆን መልሴ ሌላ ነበር፤ ግን የጠየቀኝ የለም፤ ፎቶ ነው ያነሡኝ። ከዚያ የቾንን ምንጭ ነገርኩት፤ እንዴት እንደነበረ፣ የቦረቦሩ ሳምንት እንዴት ጭቃ፣ ከዚያ እርጥብ ድንጋይ፣ ከዚያ ድንጋይ ብቻ እንደሆነ። እስከ ዛሬ በሕይወቴ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። ስጨርስ ጉሮሮዬ እንደ ወፍጮ ደርቆ ነበር።

ከክፍሉ ስንወጣ ባራኦና እጄን ያዘ። «ፍርዱ ብዙ ወራት ይወስዳል፤ ልንሸነፍም እንችላለን። ይህን እንዲያውቁት» አለ። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፤ ያንን ፎቶ ከእንግዲህ በማስረጃነት የሚያቀርቡት አይመስለኝም።» ሂሜና መኪናዋ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «አያቴ ሆኮቴ አታሰናዳም ነበር፤ እንጆሪ ነበር የምታደርገው» አለችኝና ለመናገር ያልፈለገችውን የተናገረች ይመስል ቶሎ ገባች። ቾን ለመንገድ ሙዝ ሰጠቻት።

ዶን ኤላዲዮ በጋሪው አመጣን። መንገዱን ሁሉ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ነኝ ያወራሁት። ደጄ ሲያወርደኝ ዝናቡ ጀመረ፤ ትልልቅ ጠብታ፣ አቧራው የሸተተበት። ምናልባት ለመሰናበት ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ በዝናቡ ቆመ። በሬዎቹም ቆሙ።

ደህና እደር ማለት ነበረብኝ። ሳቅሁ።

ሜይ 4፣ ዓርብ። ሌሊቱን ሁሉ ዘንቦ አሁን አባርቷል፤ ምድሩ ይተነፍሳል። ማንም የለም፤ ገና ነው።

ዶሮ ሳይጮኽ ተነሣሁ። እሳት አነደድኩ። ቀዩን ቦሎቄ ትናንት ሳልሄድ ነክሬው ነበር፤ ጣድኩት፤ ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ። እስኪፈላ ዶሮዎቹን አወጣሁ፤ የዶሮ ቤቱን በር መታሁ፤ ከማርች ጀምሮ ነገ ነገ ስለው የነበረውን። ከመስቀሉ ሥር ቅጠል ጠረግሁ። ቦሎቄውን ቀመስኩ፤ ጨው አነሰው፤ ጨመርኩ። ለስላሳ ሲሆን ከእሳት አወረድኩትና ከደንሁት።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሞልቷል፤ ድንጋዮቹ አይታዩም፤ ድምፁ ከትናንት በስቲያው ሦስት እጥፍ ነው። የማዶው በር ገና ዝግ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ውሃው እግሬን የሚነካበት ቦታ ቆምኩ። እጄን አላነሣሁም።

«ኤላዲዮ!» ብዬ ጮኽኩ። «ኤላዲዮ! እንዴት አደርክ!»

የቾን ውሻ ጮኸ። የእኔም ጮኸ። በሩ ተከፈተና አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ፣ አንዱን ባዶ አድርጎ ወጣ።

«ምን ሆንሽ?» አለ።

«ቦሎቄው ደርሷል!» አልኩ። «አላረረም!»